ንጉሥ የለንም ያሉት ኢግቦዎች ይህን ሁሉ ንጉሥ ከየት አመጡት?

በጁላይ 2025 ማብቂያ በጋና ዋና ከተማ በአክራ «ናይጄሪያውያን ይውጡልን» የሚሉ ሰልፈኞች አደባባይ ወጡ። ቁጣውን ካባባሱት ነገሮች አንዱ በማኅበራዊ ሚዲያ የተዛመተ ቪዲዮ ነበር። በቪዲዮው ውስጥ «ኤዜ ንዲግቦ»፣ ማለትም የኢግቦዎች ንጉሥ የሚባል በጋና የሚኖር ሰው፣ ኢግቦዎች በጋና ምድር የራሳቸው መንደር እንዲኖራቸው ስለመፈለጉ ይናገራል። የናይጄሪያ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታዋን ቢያንካ ኦዱሜግዉ ኦጁኩን ወደ አክራ ላከ። ከፕሬዚዳንት ጆን ማሃማ ጋር ተወያዩ፤ ቪዲዮው ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ መሆኑንም ገለጹ። ነገሩ ረገብ አለ። ብዙ ጋናውያን ያነሱት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም፦ በሰው አገር ንጉሥ የሚያነግሥ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?

ጥያቄው ኢግቦዎች ከጥንት ጀምሮ በነገሥታት የሚተዳደሩ፣ በሄዱበትም ዘውዳቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች እንደሆኑ አድርጎ ይነሳል። ኢግቦዎች ራሳቸው ግን «ኢግቦ ኤንዌ ኤዜ» የሚል የቆየ አባባል አላቸው፤ «ኢግቦ ንጉሥ የለውም» ማለት ነው። ያም ሆኖ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ «ኤዜ» ወይም «ኢግዌ» የሚባል ባህላዊ ገዢ የሌለው አካባቢ ማግኘት ይቸግራል። አባባሉ እውነት ከሆነ እነዚህ ሁሉ ነገሥታት ከየት መጡ? መልሱ ያለው ብሪታኒያ በአደባባይ ሸንጎ ይተዳደር ለነበረ ሕዝብ ሹም በፈጠረችበት ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ንጉሥ የለም» ማለት ምን ማለት ነበር?

በቀድሞ መጻሕፍት «ኢቦ» ተብለው የሚጻፉት ኢግቦዎች ከናይጄሪያ ሦስት ታላላቅ ብሔሮች አንዱ ናቸው። በብዛት የሚኖሩት በአቢያ፣ በአናምብራ፣ በኢቦኒ፣ በኢኑጉና በኢሞ ግዛቶች ነው። ከቅኝ ግዛት በፊት ኢግቦ የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የነበሩት በጋብቻ፣ በገበያና በአምልኮ የተሳሰሩ፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዬዎች ናቸው። የሳምንቱ አራት ቀናት፣ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎና ንክዎ፣ የገበያ ቀናት ስለነበሩ የጎረቤት ቀዬዎች ሰው የሚገናኘው በእነሱ ዙር ነበር።

ከአንድ አባት የሚቆጠሩ ዘመዳሞች «ኡሙንና» ይባላሉ። በመካከላቸው የተነሳውን ጠብ እዚያው ይጨርሱታል፤ ከእነሱ ያለፈው ነገር ወደ ቀዬው ሸንጎ ይቀርባል። በአደባባዩ ላይ ነፃ የሆነ ወንድ ሁሉ መናገር ይችላል። ክርክሩ ሲበቃ ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ለብቻቸው ይመካከራሉ፤ ሲመለሱ አንደበተ ርቱዕ የሆነ አንዱ የደረሱበትን ያሰማል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ከተቀበለው «ኦፎ» የሚባለውን የእውነትና የፍትሕ ምልክት የያዘው ሽማግሌ በኦፎው መሬቱን ይመታል፤ ውሳኔው ሕግ ይሆናል። ሕዝቡ ካጉረመረመ ግን እንደገና ይመከራል። ውሳኔውን የማስፈጸም ሥራ የዕድሜ እኩዮች ማኅበራትና የአባቶችን መንፈስ የሚወክሉት ጭምብል ለባሾች ድርሻ ነበር። የ«ኦዞ» ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ይከበራሉ፤ ማዕረጉ ግን ከአባት የሚወረስ አይደለም። ሰው በቦዬ እርሻውና በንግዱ ያፈራውን አውጥቶ፣ ድግሱን ደግሶ የሚያገኘው ነው።

ሴቶች ደግሞ የራሳቸው ጉባኤ ነበራቸው። ከቀዬው ተወልደው ሌላ ቦታ ያገቡት «ኡሙአዳ» ተሰብስበው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲመጡ ቃላቸው ይፈራ ነበር። ገበያውን የሚመራው፣ የንግድ ደንቡን የሚያወጣው፣ ደንብ የጣሰውንም የሚቀጣው የሴቶች ጉባኤ ነበር።

ይህን ሥርዓት እንከን የለሽ ዴሞክራሲ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው። ባሪያ አደባባይ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ለአማልክት የተሰጡ ተደርገው የሚገለሉት «ኦሱ» ከነፃው ሰው ጋር መጋባት አይችሉም ነበር። መንታ ሕፃናት እንደ ርኩሰት ተቆጥረው ይጣሉ ነበር። የኢግቦ ክፍል የሆኑት የአሮ ነጋዴዎች በአሮቹኩ የሚገኘውን የ«ኢቢኒ ኡክፓቢ» ቃለ ጠንቋይ፣ ማለትም ሰው ፍርድና ምክር የሚጠይቅበትን የአምልኮ ስፍራ ጭምር እየተጠቀሙ ሰፊ የባሪያ ንግድ አካሂደዋል። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ አለመከማቸቱ እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው እኩል ነበር ማለት ግን አይደለም።

«ንጉሥ የለም» የሚለውም ቢሆን በሁሉም ቦታ አይሠራም። በኒጀር ወንዝ ዳር ኦኒቻ «ኦቢ» የሚባል ንጉሥ አላት፤ ኦጉታና አቦህም እንዲሁ። «ኤዜ ንሪ» ደግሞ ሠራዊት የሌለው፣ ነገር ግን ርኩሰትን የማንጻትና ማዕረግ የመባረክ ሥልጣኑ በሩቅ ቀዬዎች ሳይቀር የታወቀ ካህን ንጉሥ ነበር። በ1938 በኢግቦ ኡክዉ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረ ሰው ድንገት ያገኛቸውና በኋላ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ መሆናቸው የተገመተው የነሐስ ዕቃዎች ከዚሁ የንሪ ሥርዓት ጋር ይያያዛሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የኢግቦ ምሁራን አባባሉን «ሁሉንም ኢግቦ የሚገዛ አንድ ንጉሥ የለም» ብለው ይተረጉሙታል። ለእኔ ይህ አተረጓጎም ከታሪኩ ጋር የተሻለ ይገጥማል። ቢሆንም አብዛኛው የኢግቦ ቀዬ ከሸንጎው በላይ የሚያዝ ሰው አያውቅም ነበር።

ለአገዛዙ አንድ ሰው አስፈለገው

ብሪታኒያ ከኖቬምበር 1901 እስከ ማርች 1902 በአሮ ላይ ዘመቻ አድርጋ ቃለ ጠንቋዩን አፈረሰች። በይፋ የተነገረው ምክንያት የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነበር፤ ወደ መሐል አገር የፓልም ዘይት ገበያ የሚወስደውን መንገድ መክፈትም የዚያኑ ያህል ይፈለግ ነበር። የአሮ መሸነፍ ግን የኢግቦ መሸነፍ አልሆነም። የሚማረክ ንጉሥ፣ የሚያዝ ዋና ከተማ አልነበረም። አንዱ ቀዬ ቢገብር ጎረቤቱን አያስገድደውም። ስለዚህ ጦሩ ቀዬ በቀዬ መሄድ ነበረበት። ከኒጀር በስተ ምዕራብ የኤኩሜኩ ተዋጊዎች ተቃውሟቸውን እስከ 1914 አካባቢ አራዝመዋል። በ1905 አሂያራ አካባቢ በብስክሌት ሲጓዝ መንገድ የጠፋበት አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በተገደለ ጊዜ የቅጣት ዘመቻው ብዙ መንደሮችን አወደመ።

ማሸነፉን አስቸጋሪ ያደረገው ያው ነገር ማስተዳደሩንም አስቸጋሪ አደረገው። የብሪታኒያ ስልት «ቀጥተኛ ያልሆነ አገዛዝ» የሚባለው ነው፤ ጥቂት ነጭ ሹማምንት ከላይ ሆነው አገሩን በነባሮቹ ገዢዎች እጅ የሚያስተዳድሩበት ማለት ነው። በሰሜን ናይጄሪያ የብሪታኒያው ገዢ ፍሬድሪክ ሉጋርድ ግብር የሚሰበስቡ፣ ዳኛ ያላቸው፣ መዝገብ የሚይዙ አሚሮችን ስላገኘ ስልቱ እዚያ ተመቸው። በኢግቦ ምድር ግን «ገዢያችሁ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚመጥን መልስ አልነበረም።

የተገኘው መፍትሔ «ዋራንት ቺፍ» ሆነ፤ በአማርኛ የወረቀት ሹም ብንለው ያስኬዳል። ዋራንት ሹመቱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ከ1900 ወዲህ በወጡት የአካባቢ ፍርድ ቤት ደንቦች መሠረት ወረቀቱን የተቀበለ ሰው የአካባቢው ፍርድ ቤት አባልና ከመንግሥት ጋር የሚገናኝ ተጠሪ ይሆናል። ሰዎቹ የተመረጡበት መንገድ ግን ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በአንዳንድ ቀዬዎች የተከበረ ሽማግሌ ተሾመ። በብዙ ቦታ ግን ሕዝቡ የነጩን ጥሪ ስለፈራ ሽማግሌዎቹን ደብቆ፣ ቢታሰር ብዙም የማይጎዳውን ሰው ወደ ፊት ገፋ። አንዳንዶች ለጦሩ መንገድ በመምራታቸው ወይም በንግድ የተሰባበረ እንግሊዝኛ በመልመዳቸው ብቻ ተሾሙ። ታሪክ ጸሐፊው አዲኤሌ አፊግቦ ይህን አሿሿም በዝርዝር መርምረዋል። እንግሊዞች ነባር ባለሥልጣን ያገኙ መስሏቸው፣ በተግባር ግን በባህሉ ውስጥ ቦታ የሌለው አዲስ ሥልጣን እንደፈጠሩ አሳይተዋል።

ፍርድ ቤቱና ጸሐፊው

የወረቀት ሹሙ ጉልበት ከሁለት ነገር ይመነጫል። አንደኛው የግዳጅ ሥራ ነው፤ ለመንገድና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሰው አምጣ ሲባል ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። በ1915 በኢኑጉ የድንጋይ ከሰል ማውጣት ሲጀመር ሠራተኛ ያቀርቡ ከነበሩት ሹሞች መካከል የኤኬው ኦንዬአማ ይገኙበታል፤ በዚህ መንገድ ብዙ ሀብትና ተጽዕኖ አካብተዋል።

ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ያደረሰው እሱ ነው። በቀዬው ሸንጎ ከሳሽና ተከሳሽ የሚዳኙት በሚያውቃቸው ሰው ፊት ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ጎረቤቱ ፊት ይዋሻል፣ በኦፎ ላይ ይምላል። በአዲሱ ፍርድ ቤት አንድ ችሎት የብዙ ቀዬዎችን ጉዳይ ያያል። ዳኛው የሌላ ቀዬ ሹም ነው፤ ባለጉዳዩን አያውቀውም፤ ለሱም አይጠየቅለትም። ከሳሽ የመጥሪያ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘብ የሌለው ከመጀመሪያው በር ይመለሳል።

ከሹሙም በላይ ኃይለኛው ጸሐፊው ነበር። መዝገቡ የሚያዘው በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኞቹ ሹሞች ማንበብና መጻፍ አይችሉም። መጥሪያ የሚጽፈው፣ ቀጠሮ የሚሰጠው፣ ፍርዱን በመዝገብ የሚያሰፍረው ጸሐፊው ስለሆነ ሹሞቹ ሳይቀሩ ደጅ ይጠኑት ነበር። ከ1914ቱ የሰሜንና የደቡብ ናይጄሪያ ውህደት በኋላ ሉጋርድ፣ ፍርድ ቤቶቹ «የአካባቢው ሰው የራሱ» እንዲሆኑ ብሎ እንግሊዛዊ ሹማምንትን ከሰብሳቢነት አነሳ። ቁጥጥሩ ሲላላ ጉቦው በረታ። የሕዝቡን ወግ ያከብራል ተብሎ የተደረገው ለውጥ ሕዝቡን ለአንድ ብዕር ለያዘ ወጣት አሳልፎ ሰጠው።

ትምህርት ቤት በዚሁ በር ገባ

ስለ ኢግቦ የባህል ለውጥ ሲወራ ሚስዮናውያን ብቻቸውን ባህሉን እንዳፈረሱ ተደርጎ ይነገራል። የጊዜ ቅደም ተከተሉን ስናይ ግን ነገሩ ውስብስብ ነው። የአንግሊካን ሚስዮን ኦኒቻ የገባው በ1857 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች የመራው ጆን ክሪስቶፈር ቴይለርም ከባርነት ነፃ ከወጡ ኢግቦዎች በሴራሊዮን የተወለደ ነበር። ካቶሊኮች በ1885 ተከተሉ። ለብዙ ዓመታት ግን ተከታያቸው ጥቂት ነበር፤ ወደ እነሱ ከሄዱት ውስጥ በሸንጎው ቦታ ያልነበራቸው ሰዎች፣ ኦሱዎች፣ ባሪያዎችና መንታ የወለዱ እናቶች ይበዙ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች አዲሱ እምነት መጠጊያ ነበር። የእነሱን ምርጫ ክህደት ብሎ መጥራት ያለፉበትን ሥቃይ መርሳት ይሆናል።

ቀዬዎች በሙሉ አስተማሪ ይላክልን ብለው የጠየቁት ግን ከወረራው በኋላ ነው። በ1902 የመጡት የካቶሊኩ ጆሴፍ ሻናሃን ስብከታቸውን በትምህርት ቤት ላይ ማቆማቸው የሠራውም ለዚህ ነው። መጥሪያው በእንግሊዝኛ በሚመጣበት አገር፣ ጽሑፉን አንብቦ «እንዲህ አይልም» የሚል ልጅ ያለው ቤት ከለላ አለው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ኦተንበርግ በ1959 ሌላ ምክንያት አክሏል፦ ክብር በጥረት በሚገኝበት፣ ወደ ክብር የሚያደርሱ መንገዶችም ብዙ በሆኑበት ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አንድ ተጨማሪ መንገድ ሆኖ ለመግባት አልተቸገረም። ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጋጩም። የመጀመሪያው ሰዉ ለምን እንደተቻኮለ፣ ሁለተኛው ለምን እንደተሳካለት ይነግረናል።

«እናትህ ተቆጥራለች?»

በ1926 ወንዶች ተቆጠሩ፤ በ1928 ግብር ተጣለባቸው። በኖቬምበር 1929፣ የፓልም ዘይት ዋጋ በወደቀበት ሰዓት፣ በኦሎኮ የወረቀት ሹሙ ኦኩጎ ማርክ ኤመሬዉዋ የሚባል መምህር ሰውና ከብት እንዲቆጥር ላከ። ኤመሬዉዋ ንዋንዬሩዋ ከምትባል ሴት ግቢ ሲደርስ ፓልም እየጨመቀች ነበር። ፍየሎችሽን፣ በጎችሽንና ሰዎችሽን ቁጠሪ አላት። «እናትህ ተቆጥራለች?» ብላ መለሰችለት። ተናነቁ፤ በዘይት የራሰው እጇ ልብሱ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ጉባኤ ሮጣ ሄደች።

የፓልም ቅጠል ከቀዬ ወደ ቀዬ ተላከ፤ የጥሪው ምልክት እሱ ነው። ሴቶቹ ያደረጉት አዲስ ነገር አልነበረም። የበደለ ወንድ ሲኖር ግቢውን ከበው፣ ስሙን እየጠሩ በዘፈን እያዋረዱት፣ በዘነዘና ግድግዳውን እየደበደቡ፣ አንዳንዴም የቤቱን ክዳን እያፈረሱ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አይነሱም፤ ይህ በወጉ የታወቀ ቅጣት ነው፣ «ሰው ላይ መቀመጥ» ይባላል። በ1929 የተቀመጡት በኦኩጎ ላይ ነበር። የሹመት ቆቡ ተወስዶ ተሰጣቸው፤ እሱም ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ንቅናቄው ከኢግቦ አልፎ ወደ ኢቢቢዮና ሌሎች ሕዝቦች ተዛመተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ፍርድ ቤቶችን አጠቁ፤ ብዙዎቹን አፈረሱ። ወታደሮችና ፖሊሶች ተኮሱ። ከ50 በላይ ሴቶች ተገደሉ፤ ከ30 በላይ የሚሆኑት ሰዎች የሞቱት ዲሴምበር 16 በኦፖቦ ብቻ ነው።

እንግሊዞች «የአባ ብጥብጥ» አሉት፤ ኢግቦዎች «ኦጉ ኡሙንዋንዪ»፣ የሴቶች ጦርነት ይሉታል። በ1972 የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ጁዲት ቫን አለን «ብጥብጥ» የሚለው ስም የተደራጀ የሴቶች ፖለቲካን ከዓይን እንደሰወረ ጽፋለች። ሌሎች ተመራማሪዎች ግብሩንና የዘይቱን ዋጋ ያስቀድማሉ። ግብሩ ሰበብ እንደነበር አይካድም፤ ነገር ግን ሴቶቹ ፍርድ ቤትና ሹም መርጠው ማጥቃታቸው ቅሬታው ከግብር የሰፋ እንደነበር ያስረዳል።

በ1930 የምርመራ ኮሚሽን ተቀመጠ። አንትሮፖሎጂስቶችና የአውራጃ ሹማምንት የየአካባቢውን ነባር አስተዳደር እንዲያጠኑ ተላኩ፤ ይህ ከወረራው በፊት መደረግ የነበረበት ሥራ ነው። በ1933 በገዢው ዶናልድ ካሜሮን ዘመን የወረቀት ሹመት ቀርቶ ብዙ አባላት ያሏቸው የአካባቢ ምክር ቤቶች ተተኩ። በጥቂት ቦታዎች ሴቶችም በፍርድ ቤት ተቀመጡ። የሴቶቹ ጉባኤ ግን ወደ ቀድሞ ሥልጣኑ አልተመለሰም።

የተሻረው ሹመት እንዴት ተመለሰ?

በሚቀጥሉት ዓሥርት ዓመታት የሸንጎው መንፈስ ሌላ ቤት አገኘ። ለሥራ ወደ ሌጎስ፣ ካኖና ፖርት ሃርኮርት የሄዱ ተወላጆች በየቀያቸው ስም የልማት ማኅበር አቋቋሙ፤ ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ ጎበዝ ልጆችን ውጭ አገር ላኩ። መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ሊቀመንበሩ ይመረጣል፣ ሒሳብ በአደባባይ ይነበባል። ስለ ኢግቦ ባህል መሞት የሚጽፉ ሰዎች ይህን እምብዛም አያዩትም።

ያም ሆኖ ሹመቱ ተመለሰ። በ1959 የምሥራቅ ናይጄሪያ ክልል የባህላዊ ገዢዎች ምክር ቤት አቋቋመ። ወሳኙ ዓመት ግን 1976 ነው። የኢግቦዎች ምድር ከናይጄሪያ ለመገንጠል ከተዋጋበት የቢያፍራ ጦርነት ስድስት ዓመት በኋላ የወታደራዊው መንግሥት የአካባቢ አስተዳደር ማሻሻያ በመላ አገሪቱ ለባህላዊ ገዢዎች ቦታ ሰጠ። ሰሜኑ አሚሮች፣ ዮሩባዎች ኦባዎች አሏቸው። በስብሰባው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሌለው ኢግቦ ከጨዋታው ሊወጣ ሆነ። አዲሶቹ የኢሞና የአናምብራ ግዛቶች እያንዳንዱ «ራስ ገዝ ማኅበረሰብ» የሚታወቅ ገዢ እንዲያቀርብ ደነገጉ። ገንዘብ ላገኘ ነጋዴ ዘውድ ክብር ሆነ፤ ለገዥው ፖለቲከኛ ደግሞ ድጋፍ መግዣ። ራስ ገዝ ማኅበረሰቦቹ እየተከፋፈሉ ሄዱ፤ አንድ ቀዬ ለሁለት ሲከፈል ሁለት ኤዜ ይፈጠራል። በዚያው 1976 የተመሠረተው ትልቁ የኢግቦ ድርጅት ስም «ኦሃኔዜ ንዲግቦ» ነው፤ «ኦሃ» ሕዝቡ፣ «ኤዜ» ንጉሡ። ያለፈው መቶ ዓመት በአንድ ስም ውስጥ ተቀምጧል።

የዛሬው ኤዜ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። ኤዜው የመሬት ጠብ ያስታርቃል፣ የአዲሱን ቦዬ በዓል ይመራል፣ እንግዳ ሲመጣ ኮላ ፍሬ ባርኮ ያቀርባል፤ መንግሥት ሲረሳው የቀዬው ድምፅ ነው። በብዙ ቦታም ሕዝቡ ራሱ መርጦታል። ተቺዎቹ በበኩላቸው ሹመቱን የሚያጸድቀው የግዛቱ ገዥ በሚሰጠው የዕውቅና ወረቀትና በትር መሆኑን ያነሳሉ። በኦገስት 2020 የአናምብራ ገዥ ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ አቡጃ ሄደዋል ብሎ 12 ባህላዊ ገዢዎችን ለአንድ ዓመት አገደ። የቀዬው ሸንጎ ተሰብስቦ አልነበረም ያገዳቸው። በዚህ ነጥብ ላይ ከተቺዎቹ ጋር እስማማለሁ፦ ንጉሡን ማንሳት የሚችለው ሕዝቡ ካልሆነ፣ የ1900ው ወረቀት ማኅተሙ ተቀይሮ እየሠራ ነው ማለት ነው።

በአክራ የተነሳው ግርግር ከዚህ አንጻር

በጋና «ንጉሥ» የሚለው ቃል ከመሬት አይለይም። ባህላዊ ሹመት በ1992ቱ ሕገ መንግሥት ዋስትና አለው፤ መሬትም በሰፊው በየዙፋኑ ስም ይያዛል። ስለዚህ አንድ የውጭ ዜጋ «ንጉሥ ነኝ» ሲል ጋናዊው የሚሰማው የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ነው። ጋና በ1969፣ ናይጄሪያ በ1983 አንዳቸው የሌላውን ዜጎች በጅምላ ማባረራቸው ያልሻረ ቁስል አለ።

ለኢግቦዎቹ ግን ከአገር ውጭ ያለ «ኤዜ ንዲግቦ» መሬትም ግብርም የለውም። ሥራው የማኅበር ሊቀመንበር ሥራ ነው፦ የሞተ ሰው አስከሬን ወደ አገር እንዲሄድ ማስተባበር፣ በነጋዴዎች መካከል መሸምገል፣ የታሰረ ሲኖር ፖሊስ ጣቢያ መሄድ። ስሙ ከሥራው እጅግ ይገዝፋል። በናይጄሪያ ውስጥም፣ በሌጎስና በሌሎች የዮሩባ ከተሞች፣ ይኸው ስም ከአካባቢው ኦባዎች ጋር ሲያጋጭ ቆይቷል። ከኢግቦ መሪዎች በኩል «ኤዜ» ቀርቶ «ኦንዬንዱ» ማለትም «መሪ» ይባል የሚል ሐሳብ ተደጋግሞ ቀርቧል።

የስሙ መለወጥ በአክራም በሌጎስም ውጥረቱን እንደሚያበርድ አምናለሁ፤ ቦታውን ግን አያጠፋውም። ኤምባሲው፣ ፖሊስ ጣቢያውና የከተማው ከንቲባ ጠብ በተነሳ ቁጥር በስልክ የሚጠሩት አንድ ሰው መፈለጋቸው አይቀርም። በ1900 ዓመታት መጀመሪያ ወደ ቀዬው የገባው እንግሊዛዊ ሹም የጠየቀውም ይህንኑ ነበር።